ሲሶው ሲሞላ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የቧንቧ ድምፅ ሰማሁ፣
ማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁ።
አንሶላ በጨለማ የሚያጥብ ሰው፣ ሉባባ፣
በዚህ ቤት ድሮ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ክፈቺው በሩን። አልስቅብሽም።
ፈርዋኒያ ተኝቷል፤ ኤሲው ብቻ ያጉረመርማል፤
ነሐሴ ነው፣ ግድግዳው እንኳ ያልበዋል።

አሥራ አንድ ዓመት አንጀቴን አስሬ
ደሞዜን ላክሁት ወደ ሐይቅ፣ ወደ ሰፈሬ።
አስሬ፣ አስሬ፣ አንድ ቀን ቋጠሮው ተፈታ፤
ሐኪሙ ጫፉን በሆዴ ላይ አወጣው፣ በቀኝ በኩል፣
ቀይ፣ እርጥብ፣ አፏን እንደሞጠሞጠች ልጅ።
"ሆድ ይፍጀው" ይላሉ። የኔ ሆድ ከዚያ ወዲህ
ምንም አይፈጅም፣ የሰጡትን ይመልሳል።
ስለዚህ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን። በጠዋት፣ አፍሽ ሳይቀምስ፣
ሻይ እንኳ ሳትጠጪ፣ እሷ ሳትነቃ ቀይሪ።
እኔ ከምሳ በኋላ ሞክሬ ምንጣፉን ጣልኩት።
ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ በውሃ ብቻ፤
መዳም የሰጠችሽ ባለ ሽቶ ቅባት
ለእጅሽ ይሁን፤ ቅባት ባለበት ሙጫ አይዝም።
አድርቂው። እንደገና አድርቂው።
እዚህ አገር "ደረቀ" ያልሽው ወዲያው ያልበዋል፤
ማራገቢያው ፊት ቁሚ። እፈሪ፣ ግን ቁሚ።

ከዚያ ልኩን። ይህን የሻይ ካርቶን እዪው፣
ቀዳዳውን ሆስፒታል ሳለሁ ነው የቀደድኩት፤
እሷ ከስታ፣ እብጠቷ ወርዶ፣
እኔ አሮጌውን ክብ ይዤ ሦስት ሳምንት ፈሰስኩ።
ሲስተር ሊሲ፣ የኬረላዋ፣ ናት የደረሰችልኝ፤
በተሰባበረ አረብኛ፣ በጣቷ እያሳየች፣
"ሽወያ፣ ሽወያ" አለችኝ፦ ከእሷ ጥቂት ብቻ የሰፋ።
ጠባብ ከሆነ እሷን ያቆስላል፣
ሰፊ ከሆነ ቆዳሽ ይበላል።

መስታወት ፊት ተቀመጪ፣ ጎንበስ በዪ፤
ስትቆሚ የሌለ እጥፋት ስትቀመጪ ይመጣል።
በማሸጊያው ድፈኚው፣ አቧራው ሲነሳ
የመስኮቱን ስንጥቅ እንደምንደፍነው።
ሳትልጪው ብብትሽ ሥር አሙቂው፣ እንደ ጫጩት፤
ለጥፈሽም መዳፍሽን ጣይበት፣ አትቸኩዪ።
ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በሐሳብሽ ተሳፈሪ፣
ሚኒባሱ እስኪደርስ እጅሽን አታንሺ።

መለዋወጫ ከቦርሳሽ አይጥፋ፣ መኪና ውስጥ ግን አትተዪው፤
እኔ ትቼው ሙጫው እንደ ማስቲካ ቀልጦ ጠበቀኝ።

ዋናውን ስሚ። ድሮ መሬት ሲካፈል
ሲሶ ለአራሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ ይባል ነበር።
አንቺ የአራሹ ሲሶ ሲሞላ ተነሺና ድፊው፤
ቀዳሹን አትጠብቂ፣ ነጋሹን አትጠብቂ፣
ሦስቱ አንድ ላይ ሲጎትቱ ነው የሚላቀቀው።
መዳም "ደግሞ ወዴት?" ብትል፣ "ሐማም" በያት።
በሰዓት ሦስቴም ቢሆን፣ "ሐማም"።

ቢያሳክክሽ፣ ቢለበልብሽ፣ "እስከ ማታ ይቆይ" እንዳትዪ፤
ማሳከክ መልእክተኛ ነው፣ ጌታው ከኋላ አለ።
እኔ በላዩ ፕላስተር ለጥፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣
የጁምዓ ዕለት፣ በዚያ ሙቀት፣
ሰው ሁሉ ቀስ እያለ መስኮት ከፈተ።
ማንም ምንም አላለም።
እስከ ዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው።

በቃ፣ ቧንቧውን ዝጊው። አንሶላውን ተዪው፣
የኔን ውሰጂ፣ ደረቅ ነው።
አሥራ አንድ ተኩል ላይ እቀሰቅስሻለሁ፤
መቀሱ ይኸው፣ ጫፉ የታጠፈው።
ካርቶኑንም ያዢው፣ የኔን ቀዳዳ ግን እንዳትከተዪ፤
ገልብጪው፣
በጀርባው ያንቺን ክብ ሳዪ።